ኅቡእ ሣጥንን በስምና በምልክት ስለ መሻት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሑመራ በሚያደርሰው ጎዳና ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ትክል ድንጋይን ያገኛል፤ የከተማይቱም ስም ለያዝነው ነገር የተመቸ መግቢያ ነው፤ ድንጋይ ተክሎ ቦታን ማመልከት፣ ወሰንን መለየት፣ የሞተን ሰው ወይም የተፈጸመን ቃል ኪዳን ለኋለኛው ትውልድ ማስታወስ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ይዞት የመጣ ልማድ ነውና። የተተከለ ድንጋይ ለሚያልፈው ሁሉ የሚታይ ነው፤ ዛሬ የምናስተዋውቀው ግን ሆን ተብሎ ከዓይን የተሰወረ፣ ምልክቱም በቁጥር ብቻ የተጻፈ ኅቡእ ሣጥን ነው።

ጂኦካሺንግ የሚባለው ይህ ፍለጋ፣ አንዱ ሰው ውሃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ የስም መዝገብ አኑሮ በቋጥኝ ሥር ወይም በዛፍ ሽንቁር ከሸሸገ በኋላ ሥፍራውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ለዓለም ሲያስታውቅ፣ ሌላው ደግሞ ያንን ቁጥር በእጅ ስልኩ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያው ይዞ ሄዶ ሲያገኘው ስሙንና ቀኑን በመዝገቡ ጽፎ ዕቃውን እንደ ነበረ የሚመልስበት ጨዋታ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ትንንሽ ስጦታ ቢኖር፣ የወሰደ ሰው ዋጋው የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ነገር ሊተካ ይገባዋል፤ ምግብ ግን አራዊትን ስለሚስብ አይቀመጥም።

የተጀመረበት ቀን በትክክል ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ለሕዝብ የሚልኩትን ምልክት አስቀድሞ ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበረ የተራ ሰው መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ባዘዙት መሠረት ይህ ማዛባት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. በተቋረጠ በማግስቱ፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ክፍለ ግዛት በቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ሸሽጎ ቁጥሩን አስታወቀ፤ በሦስት ቀን ውስጥም ተገኘ። ጄረሚ አይሪሽ ዛሬ ዋና የሆነውን የኢንተርኔት መዝገብ ነሐሴ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ሲከፍት የታወቁት ሣጥኖች 75 ብቻ ስለ ነበሩ ፈላጊው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ አንብቦ መጨረስ ይችል ነበር። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋልና፣ ከዚህ ሁሉ መካከል የሚሻውን ለይቶ የማውጣት ጥበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል።

የቁጥሩን ኃይል ለመረዳት ጎንደርን እንመልከት። ከተማይቱ በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሣጥን ሸሻጊዎች ደግሞ ደቂቃዋን በሺህ ከፍለው ስለሚጽፉ፣ በኬክሮስ በኩል አንዲቱ ሺኛ ክፍል ከ1 ሜትር ከ85 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ኬክሮስ ማለት የዕለት ስድሳኛ ክፍል መሆኑን የሚያውቅ ካህን፣ ዲግሪው በ60 ደቂቃ መከፈሉን ሲሰማ እንደ ባዕድ ነገር የሚያየው አይመስለኝም። ሆኖም በጽሑፍ የረቀቀው ቁጥር በመሬት ላይ ያን ያህል አይረቅቅም፤ መሣሪያው ሥፍራውን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት መቀበል አለበትና፣ ሰማዩን ገደል በጋረደበት ሸለቆ ምልክቱ ከገደሉ እየተንጸባረቀ ብዙ ሜትር ሊያስት ይችላል።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። አንድ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ተአምረ ማርያም እንዲያመጣ ቢላክና ብራናው ብዙ ቢሆን፣ «ሥዕል ያለበትን፣ ልባሱ ቀይ የሆነውን፣ ታናሹን» ተብሎ ሲነገረው እያንዳንዱ ቃል ከክምሩ ጥቂት ጥቂቱን እየቀነሰ በመጨረሻ አንዱን መጽሐፍ ብቻ በእጁ ያስቀርለታል። የሣጥን ፍለጋም እንዲሁ ነው፤ ፈላጊው በመጀመሪያ መነሻ ቦታውንና ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ መሄድ እንደሚፈቅድ ይወስናል፤ ቀጥሎ የሣጥኑን ዓይነት ይመርጣል፤ ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ዕቃው የሚያደርስ አለ፣ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው በየደረጃው የሚመራ አለ፣ ቁጥሩን ለማግኘት አስቀድሞ እንቆቅልሽ መፍታት የሚጠይቅም አለ። መጠኑም፣ ከጣት ጫፍ ከማይበልጥ ብልቃጥ እስከ ትልቅ በርሜል ድረስ፣ ይመረጣል። ከዚህ በላይ ሁለት የደረጃ ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የፍለጋውን ረቂቅነት፣ ሁለተኛው የመሬቱን አዳጋችነት ከ1 እስከ 5 በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ ይናገራሉ፤ በመሬቱ ደረጃ 1 ማለት በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስበት፣ 5 ማለት ገመድን ወይም ጀልባን የመሰለ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ነው።

ከእነዚህ መስፈርቶች ሁሉ በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ርቀት ነው። የኢንተርኔቱ መዝገብ ርቀትን የሚለካው ወፍ እንደምትበርበት በቀጥታ መስመር ስለ ሆነ፣ ሳንቃ በር ወይም ግጭ ላይ የቆመ ሰው «2 ኪሎ ሜትር» የሚል ቁጥር አይቶ በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ ቢነሣ፣ በመካከሉ ወደ ቆላ የሚወርድ ገደል ተዘርግቶ ዙሪያውን ለመዞር ቀኑን ሊፈጅ ይችላል። የሀገራችን ባላገር መንገድ ሲጠየቅ በኪሎ ሜትር ፋንታ «አንድ ዳገት ነው» ወይም «እስከ እኩለ ቀን ያደርሳል» ብሎ መመለሱ፣ በእኔ ፍርድ፣ ለዚህ አገር ከመሣሪያው ቁጥር የበለጠ እውነተኛ መለኪያ ነው። ስለዚህ በስሜን ተራሮች የሚፈልግ ሰው በርቀቱ ቁጥር ብቻ ሳይታመን የመሬቱን ደረጃ አስቀድሞ ቢመለከት ይሻለዋል።

ሁለተኛው ብርቱ ጉዳይ የቃል ፍለጋ ነው። መዝገቡ በሣጥኑ ስም ውስጥ የሚገኝን ቃል ወይም የቃል ክፍል ለይቶ ያወጣል፤ ነገር ግን ፊደል ከፊደል ጋር ያመሳስላል እንጂ ድምፅን አይሰማም፣ ትርጓሜንም አያውቅም። ስሙን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ሰው ነውና፣ ጎንደርን አንዱ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ «ኤ» የሚባለውን የላቲን ፊደል፣ ሌላው «ኢ» የሚባለውን አስገብቶ ይጽፈዋል፤ ስሜንም ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ ከፍተኛው ተራራችን በአንዱ ካርታ ራስ ደጀን፣ በሌላው ራስ ዳሸን ተብሏል፤ የዐፄ ፋሲለደስ ስም ባጭሩ ፋሲል ይባላል፣ ግቢያቸውም በሀገር ስም ፋሲል ግቢ፣ በባዕድ ቋንቋ ደግሞ «የነገሥታት ቅጥር» በሚል ትርጓሜ ይጠራል። በገዛ ፊደላችን እንኳ ቢጻፍ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አንዱ በንጉሡ «ሠ»፣ ሌላው በእሳቱ «ሰ» ይጽፈዋልና፣ አንዱን ብቻ የጠየቀ ሰው ሁለተኛውን አያገኝም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ከስሙ ውስጥ በማንኛውም አጻጻፍ የማይለወጠውን ክፍል ብቻ መጻፍ ነው፤ ከጎንደር የመጀመሪያዎቹ አራት የላቲን ፊደላት በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸውና እነርሱን የጻፈ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ሁለተኛው፣ ፍለጋውን በእያንዳንዱ አጻጻፍና በእያንዳንዱ ትርጓሜ ለየብቻው ደግሞ ደጋግሞ ማካሄድ ነው። መስፈርትን በመስፈርት ላይ መደረብ የሚገኘውን ያጠብባል፤ አጻጻፍን ከአጻጻፍ አጠገብ እየጨመሩ መሞከር ግን ያሰፋዋል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ፈላጊ በአንዱ ሲጠፋበት ሌላውን መሞከር ሲገባው መስፈርቱን እየጨመረ ባዶ ገጽ ላይ ይደርሳል።

በጀርመን ሀገር ሣጥኖች በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ስለ ሆኑ አምስትና ስድስት መስፈርት መደረብ ግድ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ቁጥራቸው ጥቂት ነውና፣ ከሩቅ ተማርን ብለን ያንን ልማድ ብንከተል ያለውንም እናጣዋለን። በእኛ ዘንድ የሚበጀው ክልሉን ሰፊ አድርጎ፣ አንድ መስፈርት ብቻ ይዞ፣ የስሙን አጻጻፍ እያለዋወጡ መሻት ነው። ከዚያም የወጣውን ሲያነቡ፣ ሣጥኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘበትን ቀንና «ፈልጌ አላገኘሁም» ያሉ ሰዎች የተዉትን ቃል መመልከት ከሁሉ ይበልጣል፤ እረኛ በድንጋይ ሥር ያገኘውን ቆርቆሮ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ወስዶት ሊሆን ይችላልና፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም።

ሣጥን ለማኖር ለሚያስብ ደግሞ የሚነገር አለ። አንዱ ሣጥን ከሌላው ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት፤ ምድርን ቆፍሮ መቅበር አይፈቀድም፤ የባለ መሬቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡ ስለ ሆኑ፣ በግንቡ ፍንጣቂ ወይም በጭላዳው ሜዳ ዕቃ መሸሸግ ነውር ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርም እንዲሁ። ባዕድ ሣጥን በመንገድ ዳር ሲታይ ሰውን እንደሚያስደነግጥም መታሰብ አለበት፤ በውጭ አገር ፖሊስ ቦምብ መስሎት ያፈነዳው ሣጥን አለ። ለስሜን የሚስማማው ዕቃ የሌለው ዓይነት ነው፤ የአሜሪካ ሥነ ምድር ማኅበር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቀው ይህ ኧርዝካሽ የተባለው ዓይነት፣ ጎብኚው በሥፍራው ቆሞ ስለ ድንጋዩ የቀረበለትን ጥያቄ መርምሮ እንዲመልስ ብቻ ያዛል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተደራረበው የስሜን ገደል፣ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከማንኛውም ሣጥን የበለጠ ሀብት አለው።

እንግዲህ የላይ አርማጭሆና የጎንደር መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል በሀገሩ እንዲህ ያለ ምልክት ለማኖር የሚነሣ ቢኖር ሥፍራውን በሕጋዊ ፈቃድ ይምረጥ፤ ስሙንም በግእዝ ፊደልና በላቲን፣ በላቲኑም በታወቁት አጻጻፎች ሁሉ ጎን ለጎን ይጻፈው፤ ያን ጊዜ ትክል ድንጋይን በየትኛውም አጻጻፍ የሚሻ መንገደኛ ያገኛታል።