የባለሱቅ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ

ቀብር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ፍትሐቱ እንዳለቀ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቆምና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት እዚህ ቦታ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚህ ተማሩ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት በዚህ የሥራ መደብ አገለገሉ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ይህ አጻጻፍ በመንግሥት ሠራተኛ ልክ የተሰፋ ነው። ሹመት፣ ዝውውርና ጡረታ ላለው ሰው ልክክ ይላል። የሰፈር ባለሱቅ ሲሞት ግን መሐሉ ባዶ ይቀራል። «በግል ንግድ ሥራ ተሰማርተው ቤተሰባቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል» ይባልና አርባ ዓመት በአንድ መስመር ያልፋል።

የሰፈራችን ባለሱቅ ያረፉ ዕለት ማታ ትልቋ ልጃቸው በማግሥቱ የሚነበበውን ጽሑፍ እንዳስተካክልላት ይዛ መጣች። ስለ ንግዳቸው የተጻፈችው ያችው አንድ መስመር ነበረች። «ሌላስ?» አልኋት። «አባዬ እኮ ሱቅ ብቻ ነው የነበረው፤ ምን ይጻፋል?» አለችኝ። የዱቤ ደብተሩን እንድታመጣው ጠየቅኋት።

ዱቤን ለማያውቅ ወጣት ላስረዳ። ደመወዝተኛ ወር እስኪደርስ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን ከሱቅ ይወስዳል፤ ባለሱቁ በደብተር ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይተሳሰባሉ። ወለድ የለው፣ ፊርማ የለው፣ ዋስ የለው። ባለሱቁ ራሱ ደግሞ ዕቃውን ብዙ ጊዜ ከመርካቶ አከፋፋይ በዱቤ ያመጣል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ዕዳ አለበት። ጎረቤት ሳይከፍል ቢቀር እሱ ለአከፋፋዩ መክፈሉ አይቀርም። ይህን የተረዳ ሰው የዱቤ ደብተርን እንደ ተራ ሒሳብ አያየውም።

ደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ ነበር። ሰዎቹ በስማቸው አልተጻፉም፤ «የመንታዎቹ እናት»፣ «ባለ ቀይ በሩ»፣ «ነርሷ»፣ «አዲሱ መምህር» ይላል። የተከፈለው ሁሉ ጎኑ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ግን ምንም ሳይጻፍበት በአንድ ወፍራም መስመር ተሰርዟል። ምን እንደሆነ ልጅቷም አላወቀችም። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሰሙንና፣ «ሐዘን የገባበት ቤት ነው። ለቅሶ ቤት ደብተር ይዤ አልሄድም እያለ ይሰርዘዋል» አሉን። እኛ የምንፈልገው የሕይወት ታሪክ ይኸውና፤ ለዓመታት ከባንኮኒው ሥር ተቀምጦ ነበር።

የባለሱቅን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መነሻውን ነው። ያ የመጀመሪያው ገንዘብ ከየት መጣ? ብዙዎቹ ከገጠር በልጅነት መጥተው በሊስትሮነት፣ ቀጥሎም ሣጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ማስቲካና ክብሪት በሚሸጡበት «ሱቅ በደረቴ» ነው የጀመሩት። ከዚያ እቁብ ይገባሉ። የእቁብ ዕጣ የወጣለት ቀን ብዙ ጊዜ የሱቁ ልደት ነው። እኒህኛው አባት እቁቡ እንደወጣላቸው ሚዛን ገዝተው ነበር። ሚዛኑ እስከ ዕለተ ሞታቸው ባንኮኒው ላይ ነበረ።

ቀጥሎ ዘመኑን በሱቁ በኩል ማየት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ ዞረ፤ ብዙ ባለሱቅም የቀበሌ ተከራይ ሆነ። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና በኅብረት ሱቅ በራሽን ሲከፋፈል የግል ሱቁ መደርደሪያ ሳሳ። መስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ ደግሞ አሮጌውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ሱቅ የሮጠም ነበር። «ያኔ ሱቁ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ታሪክ አላውቅም የሚሉ እናት እንኳ መደርደሪያው ላይ ምን እንደጠፋ ቆጥረው ይነግሯችኋል።

ከዘመኑ ቀጥሎ የቤተሰብ ፍቅር ይመጣል፤ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ያበላሹታል። «ለቤተሰባቸው ልዩ ፍቅር የነበራቸው» ይላሉና ያልፋሉ። ለማንም የሚባል ቃል ስለሆነ ማንንም አያስለቅስም። ባለሱቅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፍቶ ምሽት 3 ሰዓት ይዘጋል። ልጆቹን ሽርሽር ለመውሰድ ጊዜ የለውም፤ የወላጆች ስብሰባም ያመልጠዋል። ፍቅሩን መፈለግ ያለብን ሱቁ ውስጥ ነው። ልጅቷ ስታስታውስ፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ባንኮኒው ጫፍ ላይ ዘርግታ ነው። መቀነስ የተማረችው መልስ ስትመልስ ነበር። በስሌት ስትሳሳት አባቷ ገዢው ፊት አያርሟትም፤ ገዢው ሲሄድ ሳንቲሙን ከመሳቢያው አውጥተው እንደገና ያስቆጥሯታል። ይህን ጻፉት። ሐምሌንም ጻፉት፤ ሐምሌ አነስተኛው ነጋዴ ዓመታዊ ግብሩን የሚከፍልበት ወር ነው፤ ወዲያው ነሐሴና ጳጉሜን የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይዘው ይመጣሉ። አምስት ልጆች ባሉበት ቤት ያንን ክረምት መሻገር ምን እንደሆነ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ሱቁ ቀን ተዘግቶ የሚታየው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነበር። አገራቸው ጉራጌ ነው፤ እዚያ የመስቀል ነገር እንዲህ ነው፤ የትም የሚነግድ ልጅ ወደ ወላጆቹ ይገባል፣ መርካቶም ጭር ይላል። ሙስሊሞቹ ደግሞ ለአረፋ ይገባሉ። እኒህ አባት ለእናታቸው ነጠላ፣ ለአባታቸው ጋቢ፣ ለእርዱ የሚያዋጡትን ገንዘብ ይዘው ልጆቻቸውን ሁሉ አስከትለው ይሄዱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የቆጠቡት ለዚያ ሳምንት ነው ብል አላጋነንሁም።

አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ሚስቲቱን አትርሱ። «ትዳር መሥርተው አምስት ልጆች አፍርተዋል» ከተባለ በኋላ የሚስት ነገር በዚያው ያበቃል። ባልየው ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲወርድ ሱቁን ማን ጠበቀ? በርበሬውን ማን አስፈጭቶ አሸገ? ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም የሚለውን በቃሉ የሚያውቀው ማን ነው? የብዙ ሱቅ ግማሽ ባለቤት እሷ ናት። ይህን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የሕይወት ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ስለ ርዝመቱ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ትውልድ፣ አመጣጥና የቤተሰብ ስም በአጭሩ ይለቅ። የቀረው ቦታ ለሁለት ወይም ለሦስት እውነተኛ ነገር ይሰጥ። ያልነበረ ደግነት አትጨምሩ። ቁጡ ከነበሩ ቁጡ ነበሩ ይባል፤ ለቀስተኛው ያውቃቸዋል፣ በእውነቱም ፈገግ ይላል። ልጆች ዋሽንግተንም ይሁን ዱባይ ካሉ ስልክ ደውላችሁ የእነሱን ትውስታ ጠይቁ፤ ከሩቅ ያለ ልጅ የሚያስታውሰው እዚህ ያለው የረሳውን ነው።

በማግሥቱ የተነበበው ወረቀት ስለ ምራቂ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ምራቂ ሻጭ ከመዘነ በኋላ ከላይ የሚጨምራት ነገር ናት። እኒህ ሰው ተልኮ ለመጣ ሕፃን ሁልጊዜ አንድ ከረሜላ ይመርቁ ነበር። ይህ ሲነበብ ከኋላ ቆመው የነበሩ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ያንን ከረሜላ በልተውታል።

ወላጅዎ ባለሱቅ ከሆኑ ቀብር አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል አጠገባቸው ይቀመጡና በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሸጡ፣ ለማን እንደሸጡ ይጠይቋቸው። የሚነግሩዎትንም ይጻፉ።