ቀጭን ሰውም ልቡን ይታመማል፦ በዘር ስለሚወረስ የደም ቅባት

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበ ንግግር፤ ሬዲዮ ላልደረሳችሁ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

ስለ ደም ግፊት ከተነጋገርን በኋላ አንዲት እናት ጥያቄ ልከውልናል። እኚህ እናት ካርቱም ውስጥ በአል-ጣኢፍ ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ወደዚህ የመጡት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ነው። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ ቀጭን ነበር። ሲጋራ አያጨስም፣ ጮማም አይወድም። አል-ጣኢፍ ሳለን በ44 ዓመቱ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሣም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉን። ልጆቹን የማሳድገው እኔ ነኝ። ይህ ነገር በዘር ይተላለፋል ወይ?»

አዎን፣ ሊተላለፍ ይችላል። መቅጠን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ደም ቅባት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ውሃ በያዘ ብርጭቆ ላይ ዘይት ጠብ ብታደርጉ ተንሳፍፎ ይቀራል እንጂ አይዋሃድም። ደማችንም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቅባት ለብቻው ሊጓዝበት አይችልም። ስለዚህ ጉበት ቅባቱን በፕሮቲን ጠቅልሎ፣ ትንንሽ እሽግ አድርጎ ይልከዋል። እነዚህ እሽጎች ሊፖፕሮቲን ይባላሉ። ኤል.ዲ.ኤል የሚባለው ኮሌስትሮልን ወደ ሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ሲበዛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጠራቀምና ልብን የሚመግቡትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ያ ክምችት አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ የልብ ጡንቻም ደም አጥቶ ይሞታል። ኤች.ዲ.ኤል ደግሞ ትርፉን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። «መጥፎው» እና «ጥሩው» ኮሌስትሮል ሲባል የምትሰሙት ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

ሦስተኛው ግን ብዙ አይወራለትም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮሬ በርግ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ ያገኘው ሲሆን ሊፖፕሮቲን ኤ፣ በአጭሩ ኤል.ፒ.ኤ ይባላል። ኤል.ዲ.ኤልን ይመስላል፤ የሚለየው እንደ ጭራ ያለ ተጨማሪ ፕሮቲን ስለተጣበቀበት ነው። መጠኑን በአብዛኛው የሚወስነው ከእናትና ከአባት የሚወረሰው ዘረ-መል (ጂን) ነው። ጾምም ሆነ ስፖርት ብዙ አይለውጡትም። በልጅነት የነበረው መጠን ከሞላ ጎደል እስከ እርጅና ይዘልቃል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ50 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል እንዲህ ነው። ደግሞም ምንም ስሜት የለውም። ሰውየው ሳያውቀው አብሮት ይኖራል።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት የሰባት ሕዝቦችን ደም አነጻጽሮ ነበር፤ የኦስትሪያ ቲሮሎችን፣ አይስላንዳውያንን፣ ሃንጋሪያውያንን፣ ማሌዎችን፣ ቻይናውያንን፣ ሕንዶችንና ጥቁር ሱዳናውያንን። የቻይናውያኑ አማካይ ኤል.ፒ.ኤ 7 ሚሊግራም ሲሆን የሱዳናውያኑ 46 ሆኖ ተገኘ፤ ከሁሉም የላቀው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዘጠኝ ሕዝቦችን ተመለከተ። አፖ ኢ የሚባል ዘረ-መል አለ፤ ኢ 4 የሚባለው ዓይነቱ ኮሌስትሮልን ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ዓይነት በሱዳናውያኑ ዘንድ ከቻይናውያኑ በብዙ ይበልጥ ነበር። ታዲያ የሱዳናውያኑ ኮሌስትሮል ከፍ ያለ ነበር ትላላችሁ? አልነበረም። አማካዩ 144 ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ ከዘጠኙ ዝቅተኛው። የአይስላንዳውያኑ 228 ነበር።

እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉም ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ይህን ነው። ዘሩ ወደ ላይ ሲገፋ ምግቡና ኑሮው ወደ ታች ይዞት ነበር ማለት ነው። ማሽላ፣ ባቄላ፣ ጥቂት ሥጋ፣ ብዙ የእግር መንገድ።

ኑሮው ሲለወጥስ ምን ይመጣል? ከእኛው ሰዎች ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በምሥራቅ ሱዳን ካምፖች አልፈው እስራኤል ገብተዋል። ያዩአቸው ሐኪሞች እንደጻፉት ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ፤ የደም ግፊታቸውም ዝቅተኛ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ክብደታቸውም ግፊታቸውም ጨመረ፤ የስኳር በሽታ በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ታየ። በዚያ አጭር ጊዜ ዘራቸው አልተለወጠም።

«የሱዳን ቁጥር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጎረቤት መሆን አንድ ዘር መሆን አይደለም፤ ጥቁር መሆንም እንዲሁ። በኤች.ዲ.ኤል ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ አፖ ኤል 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሰዎች የተለየ ዓይነቱን ይወርሳሉ፤ ከእንቅልፍ በሽታ ይከላከልላቸዋል፣ ኩላሊታቸውን ግን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል ይህን ጎጂ ዓይነት ፈልጎ አላገኘም። ስለዚህ «አፍሪካውያን እንዲህ ናቸው» የሚል ወሬ ስትሰሙ የትኞቹ ብላችሁ ጠይቁ።

ኤል.ፒ.ኤ በሁሉም ሕዝብ ላይ እኩል ይጎዳል ወይ በሚለው ላይም ተመራማሪዎች ተከራክረዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት በአፍሪካውያንና በዓረቦች ላይ ግንኙነቱን በግልጽ አላየም። በ2021 ደግሞ በእንግሊዝ ከ460 ሺህ በላይ ሰዎች የታዩበት ጥናት አደጋው በነጮችም በጥቁሮችም ተቀራራቢ ነው አለ። እኔ ጥንቃቄውን እመርጣለሁ።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። አንድ ወንድ ከ55 ዓመቱ በፊት፣ ወይም አንዲት ሴት ከ65 ዓመቷ በፊት በልብ የደም ሥር መዘጋት ከታመሙ፣ ልጆቻቸውና ወንድም እህቶቻቸው መመርመር አለባቸው። ከኤል.ፒ.ኤ ሌላ፣ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ ከተወለደ ጀምሮ ኤል.ዲ.ኤልን እጅግ ከፍ የሚያደርግ ዘረ-መል ይወርሳል። ወላጁ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ላይ እብጠት፣ ወይም ገና በወጣትነት በዓይን ብሌን ዙሪያ ነጭ ቀለበት ከታየ ለሐኪም አሳዩ። ለዚህኛው መድኃኒት አለ፤ ስታቲን የሚባሉት ኪኒኖች ኤል.ዲ.ኤልን በደንብ ያወርዳሉ። ኤል.ፒ.ኤን ግን አያወርዱም። የኤል.ፒ.ኤ ምርመራ በትንንሽ ክሊኒክ አይገኝም፤ ወደ ትልቅ ከተማ ለሕክምና የተላከ ሰው ግን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቢመረመር ይበቃዋል።

እናታችን፣ ምርመራው እስኪገኝ አይጠብቁ። የማይለወጥ ዕዳ ያለበት ሰው ሌላ ዕዳ አይጨምርም። ልጆቹ ሲጋራና ሺሻ አይልመዱ። ዘይት ሲገኝ ከሚረጋው ይልቅ የሰሊጥ (ሱዳኖች ዘይት ስምስም የሚሉት) ወይም የኦቾሎኒ ዘይት ይሻላል። ፉል ጥሩ ምግብ ነው፤ ከላዩ የሚፈስሰውን ዘይት ግን ለካ አድርጉ። የሻይ ስኳርም እንደዚሁ። ቡናን በተመለከተ፣ በጀበና የተፈላ ቡና ውስጥ ያለው ቅባት ኤል.ዲ.ኤልን ከፍ ያደርጋል። ቡና ተዉ አልላችሁም፣ ብልም የሚሰማኝ የለም፤ ኮሌስትሮላችሁ ከፍ ያለ ነው የተባላችሁ ግን ስኒውን ቀንሱ።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። በአካባቢያችን ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ በሽታ በብዛት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) የሚያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በካርቱም ሶባ የተከፈተው የሳላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ካከማቸው ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ነበሩ። እሱ ከቅባት ጋር አይገናኝም፤ መከላከያውም የጉሮሮውን ሕመም በጊዜ ማከም ነው።

በመጨረሻ ምልክቶቹን ያዙ። ደረት መሐል ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፤ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕመሙ ቀለል ብሎ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሕመምተኛው አይራመድ፤ ተቀምጦ ይረፍ፤ ሌላ ሰው ወደ ክሊኒኩ ይሩጥ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ቁስል ያለበት ካልሆነ አንድ ባለ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ። ክሊኒክ ስትደርሱም ከቤተሰባችሁ ማን፣ በስንት ዓመቱ በልብ እንደታመመ ሳትጠየቁ ተናገሩ።