ለብዙኃን የተቆረጠ ልክ

በትንቢተ ዳንኤል የተወሳው ንጉሥ ብልጣሶር በሚዛን ተመዝኖ ቀሎ በመገኘቱ ተፈረደበት፤ በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛኑን ዘርግቶ ደንበኛ ከሚጠብቀው ልጅ ፊት የሚቆመው የዘመናችን ሰው ግን የሚፈራው ከብዶ መገኘትን ነው። ኪሎው በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ ተካፍሎ የሚወጣው፣ ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት አኃዝ፣ ከ18.5 በታች ሲሆን ከሲታ፣ ከ25 ጀምሮ ወፍራም፣ 30 ሲደርስ ደግሞ በውፍረት የታመመ ያሰኘዋል።

የዚህ ስሌት አባት ሐኪም አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1796 በጌንት ከተማ የተወለደው አዶልፍ ኬትሌ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን፣ ከዋክብትን ሲከታተል የለመደውን የስሌት ጥበብ ወደ ምድር አውርዶ «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል ለማወቅ የብዙዎችን ቁመትና ክብደት ሲያነጻጽር፣ የአዋቂ ሰው ክብደት ከቁመቱ ካሬ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አስተዋለ፤ በ1835 ባሳተመው መጽሐፍም ስለዚሁ አማካይ ሰው በስፋት ጻፈ። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪዝ ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ለቀመሩ የዛሬውን ስም ሲያወጣለት፣ የተመረመሩት በአምስት አገሮች የሚኖሩ ከ7,000 የሚበልጡ ሰዎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ወሰኑም ቢሆን ከሲና ተራራ የወረደ ጽላት አይደለም፤ በ1998 የአሜሪካ የጤና ሊቃውንት የውፍረትን መነሻ ከ28 ገደማ ወደ 25 ዝቅ ባደረጉ ጊዜ፣ ሚሊዮኖች አንዲት ግራም ሳይጨምሩ ከወፍራሞች ተርታ ተመደቡ።

በመርካቶ ጆንያ ሲሸከም የሚውል ጎልማሳና ከወንበሩ የማይነሣ ጸሐፊ፣ ቁመታቸው እኩል 1.70 ሜትር ነው እንበል። ተሸካሚው 78 ኪሎ ስለሚመዝን 27 ወጥቶለት ወፍራም ይባላል፤ ጸሐፊው 68 ኪሎ በመሆኑ 23.5 ወጥቶለት ደኅና ነህ ተብሎ ይሰናበታል። ሚዛኑ ግን የአንደኛውን ጡንቻ ከሌላው ቦርጭ ለይቶ አያውቅም፤ ጉበትንና አንጀትን ከቦ ለስኳርና ለልብ ሕመም የሚዳርገውን ስብ፣ ከቆዳ ሥር ከተኛውና ጉዳቱ ከሚያንሰው ስብ አይለይም።

ልዩነቱ በሰውና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን በሕዝብና በሕዝብ መካከልም ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የጠራቸው ሊቃውንት በ2004 ባወጡት ጽሑፍ፣ ለእስያ ሕዝቦች ጥንቃቄው ከ23 እንዲጀምር ሐሳብ አቅርበዋል። «ሙሴ» እና «ሰሎሞን» በተባሉት የማጓጓዝ ዘመቻዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያንም፣ በትውልድ ቀያቸው ዳገት ቁልቁለቱን ሲመላለሱ ብዙም የማያውቁት የስኳር በሽታ በአዲሱ ኑሯቸው ሲበረታባቸው፣ በሽታው ይኸው ልኬት ደኅና ብሎ ያለፋቸውን ሰዎች ጭምር ሲይዝ የአገሩ ሐኪሞች ተመልክተዋል።

ይህን ስንል ልኬቱ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሚዛንና የቁመት መለኪያ ብቻ የሚጠይቅ፣ ሕዝብ እየከሳ ወይም እየወፈረ መሄዱን በርካሽ የሚያሳይ መሣሪያ በመሆኑ ለአገር ጤና ጠባቂ ጠቃሚ ነው። ስሕተቱ ለብዙኃን የተቆረጠውን ልክ ለአንድ ሰው ሥጋ እንደ መጨረሻ ፍርድ ማልበስ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ልኬቱ ከሌሎች መመርመሪያዎች ጋር እንጂ ብቻውን እንዳይሠራበት መወሰኑም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱና ትንፋሽዎን አውጥተው፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ወገብዎን ይለኩ፤ የብሪታንያ የጤና መመሪያ በ2022 እንደመከረው የወገብ ልክ ከቁመት እኩሌታ ማነስ አለበት። የእኛ ተሸካሚ ወገቡ 82፣ ጸሐፊው 96 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የሁለቱም ወሰን 85 ነውና፣ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው ደኅና ነህ የተባለው ነው።