ስውሩ አማርኛ

(ማሲንቆ ይሰማል፤ ከዚያ ዝግ ይላል)

ተራኪ፦ ሠርግ ቤት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያወድሳል፤ እንግዳውም እየተነሳ ይሸልማል። በዘፈኑ መሐል አዝማሪው ከባልንጀራው ጋር አንድ ሁለት ቃል ይለዋወጣል። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው አፉን በአማርኛ የፈታ ነው፤ ግን አልገባውም። አዝማሪዎች ለሙያቸው የፈጠሩት ስውር ቋንቋ አላቸውና፣ ባለድግሱ እየሰማ ስለ ባለድግሱ መነጋገር ይችላሉ።

ይህን መሰሉን ንግግር በስፋት ካጠኑት አንዱ ዎልፍ ሌስላው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የነጋዴዎችን፣ የአዝማሪዎችንና ዛር የሰፈረባቸውን ሰዎች ስውር ቋንቋ መዝግበዋል፤ የጉራጌንም ጨምረዋል። እነዚህ ቋንቋዎች ከባዶ አልተፈጠሩም። ሰዋስዋቸው የእናት ቋንቋቸው ነው፤ የሚሰወረው ቃሉ ነው።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ቃሉ እንዴት ይሰወራል? ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአዲስ አበባ ወጣት ሴቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ስውር አማርኛ አሳይተዋል። ጆሮ ስጡልን። «ግን»፣ «ጋይነን» ይሆናል። «ክፉ»፣ «ካይፈፍ»። «ሄደ»፣ «ሃይደድ»።

(አፍታ ዝምታ)

ሕጉን አገኛችሁት? የቃሉ አናባቢዎች ይጣላሉ። ተነባቢዎቹ በተራቸው ይቆያሉ። ከመጀመሪያው ተነባቢ ቀጥሎ «አይ» ይገባል፤ የመጨረሻው ተነባቢ ይደገማል። የ«ክፉ» «ኡ» ጠፋ፤ «ክ» እና «ፍ» ግን ተረፉ።

አማርኛ ራሱ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ይሰብራል፦ አናባቢው ቢለዋወጥም «ስ-ብ-ር» አይናወጥም። የሰዋስው መምህር በሰሌዳ ላይ የሚያስረዳውን የቃል ሥር፣ እነዚያ ሴቶች በጆሯቸው ለይተው ለጨዋታ አውለውታል። የድምፅ ሥርዓት ተመራማሪው ጆን ማካርቲም በዚያው አሥርት ዓመት ይህንኑ ስውር አማርኛ ይዘው ስለ ቃል አወቃቀር ተከራክረውበታል።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አማርኛ ደግሞ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። አጥኚዎች የጎንደሩን፣ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የመንዙንና የአዲስ አበባውን ለይተው ይጠቅሳሉ። ለምሳሌ በወሎ፣ ከመካነ ሰላም እስከ መቅደላ ባለው ደጋ፣ ቅዳሴው በግዕዝ ነው፤ መንዙማው ዓረብኛ ይቀላቅላል፤ ብዙ የቦታ ስም ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ስውር ንግግርም ተናጋሪው ባደገበት አማርኛ ላይ ነው የሚሠራው። ሕጉ አንድ ቢሆን እንኳ፣ ወሎዬው ሲናገረው የወሎ ድምፅ ይዞ ይወጣል። ልጆች የሚጫወቱት «የወፍ ቋንቋ»ም በየቃሉ የሚሰኩት ድምፅ ከሰፈር ሰፈር ሊለያይ ይችላል።

ይህን የድምፅ ልዩነት በወረቀት ብቻ መያዝ አይቻልም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። «ገና አልመጣም» ሲባል «ና» ይላላል፤ በዓሉን «ገና» ስንል ይጠብቃል፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ስውር ቋንቋን የሚያጠና ሰው ከብዕሩ በፊት የድምፅ መቅረጫ ያሻዋል።

(ማሲንቆ ይመለሳል)

ተራኪ፦ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። የአማርኛ መምህራኑና ተማሪዎቹ ለዚህ ሥራ ከማንም ይቀርባሉ። አዝማሪውን በቤቱ አናግሩት፤ እናቶችንም በልጅነታቸው የተጫወቱበትን የወፍ ቋንቋ ጠይቁ። ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ስውር ቋንቋ ለባለቤቱ የእንጀራው መሣሪያ ነው፤ ቃላቱ አደባባይ ከወጡ መሣሪያነቱ ያበቃል። ድምፆቹ የሚለዋወጡበትን ሕግ መዝግቡ፤ የትኞቹ ቃላት ይገለጡ የሚለውን ግን ባለቤቶቹ ይወስኑ።