ፊቱ ተወስዶ አካሉ የቀረ ዘፈን

«ቹራ ሊያ» የሚባለው የህንድ ዘፈን የሚጀምረው በብርጭቆ ነው። ማንኪያ ሲነካው ቅጭል ይላል፤ ጊታር ይከተላል፤ ከዚያ የአሻ ቦስሌ ድምፅ ይገባል። ፊልሙ በ1973 የወጣው «ያዶን ኪ ባራት» ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜማውን የደረሰው አር. ዲ. በርማን ለሙዚቃ ያልተሠራ ዕቃ ማስጮህ ይወድ ነበር፤ በ«ሾሌ» ፊልም ውስጥ በጠርሙስ አፍ ላይ እፍ እያስባለ ምት አውጥቶበታል። የሂንዲ ዘፈን ወዳጅ አንድም ቃል ሳይሰማ በዚያች የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ዘፈኑን ይለየዋል። ሪሚክስ የድሮ ዘፈን ያከብራል ወይስ ያበላሻል የሚለው ክርክር ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትለኝ ይህች ድምፅ ናት። ከግጥሙም ከዜማውም አትቆጠርም፤ ብትወጣ ግን ዘፈኑ ይጎድላል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ክርክር ሆኖ ይቀራል። ትልልቆቹ «ዘፈናችን ተበላሸ» ይላሉ፤ ወጣቶቹ «ባንነካው ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር» ብለው ይመልሳሉ። የማይግባቡት ሁለቱም «ዘፈኑ» ሲሉ ስለ የትኛው ክፍል እንደሚያወሩ ስለማይለዩ ይመስለኛል። ስለዚህ ከአሠራሩ ልነሳ።

የሂንዲ ፊልም ዘፈን በአብዛኛው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሙክዳ ነው፤ ቃሉ «ፊት» ማለት ነው፤ እኛ አዝማች ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው አንታራ ይባላል፤ ግጥሙ ሐሳቡን የሚዘረጋበት፣ ዜማውም ከፍ ብሎ ርቆ ሄዶ ወደ ሙክዳው የሚመለስበት ነው። በሁለቱ መካከል ድምፃዊው ዝም ይላል፤ ቫዮሊኑ፣ ዋሽንቱ፣ አኮርዲዮኑ ይናገራል። ይህ መሸጋገሪያ ራሱን የቻለ ድርሰት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቦምቤይ ስቱዲዮዎች ውስጥ ዘፋኙና መላው ኦርኬስትራ በአንድ ክፍል ሆነው አንድ ላይ ይቀዱ ነበር። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል።

እነዚያን መሸጋገሪያዎች በኖታ ከጻፉት ብዙዎቹ በፖርቱጋል ስትገዛ ከነበረችው ከጎዋ የመጡ፣ ሙዚቃን በቤተ ክርስቲያን የተማሩ አቀናባሪዎች ናቸው። ሴባስቲያን ዲሱዛ ለሻንካርና ለጃይኪሻን ዜማዎች ያቀናበረው የቫዮሊን ሙዚቃ ዛሬም ይደነቃል። አንቶኒ ጎንሳልቬስን ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ተማሪው ፒያሬላል በ1977ቱ «አማር አክባር አንቶኒ» ፊልም ውስጥ ስሙን በዘፈን ስላስጠራለት ነው። አለበለዚያ የእነዚህ ሰዎች ስም በፊልሙ መጀመሪያ ላይ፣ ያውም ከወጣ፣ «ረዳት» በሚል ማዕረግ የሚያልፍ ነበር። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው የህንድ ፊልም ያዩ ያገራችን ሰዎች ሂንዲ ሳያውቁ ዘፈኑን እያንጎራጎሩ ሲወጡ፣ በአፋቸው ከያዙት አንዱ ክፍል ይኸው የጎዋ ሰዎች የጻፉት ቫዮሊን ነበር። ቃል ያልገባው ሰው መሣሪያውን ያዳምጣል።

እንግዲህ የዛሬው ሪሚክስ ምን ያደርጋል? ሙክዳውን ያነሳል፤ አንታራውን ይጥላል፤ በቦታው አዲስ ስንኝ ወይም ራፕ ያስገባል። መሸጋገሪያውን በኤሌክትሮኒክ ከበሮ ይተካዋል። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ፊቱ ተወስዶ አካሉ ይቀራል፤ ሰሚው ግን ፊቱን ስላየ ሰውየው የመጣ ይመስለዋል።

ይህን ስል ድሮው ንጹሕ ነበር እያልኩ አይደለም። የ«ሾሌ»ው «መህቡባ» ዜማ ከግሪካዊው ዴሚስ ሩሶስ ዘፈን የተወሰደ ነው። በ1990 «ታኔዳር» በተባለ ፊልም የወጣው «ታማ ታማ» የጊኒው ሞሪ ካንቴ ዜማ ነበር፤ በ2017 እሱም ተራው ደርሶ በሌላ ፊልም ውስጥ ሪሚክስ ተደረገ። ስለዚህ መዋስን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ሰው አብዛኛውን የወርቅ ዘመን አብሮ ሊጥል ነው። መጠየቅ ያለበት የተዋሰው ሰው በተዋሰው ነገር ምን ሠራበት የሚለው ነው። በርማን የተዋሰውን ጫፍ ይዞ የራሱን ጠርሙስ፣ የራሱን ጎርናና ድምፅ፣ የበረሃ ሽፍቶች እሳት ዳር የሚደረግ ጭፈራ ጨመረበት። ሲጨርስ ከተዋሰው የበለጠ ነገር በእጁ ነበር።

የዛሬዎቹም ቢሆኑ እንዲህ ማድረግ ይችላሉ። በ2005 ክሮኖስ ኳርቴት የተባለው የአሜሪካ የክር መሣሪያ ቡድን የበርማንን ዘፈኖች በአልበም ሲያወጣ ዘፋኟ ራሷ አሻ ቦስሌ ነበረች፤ 70 ዓመት አልፏታል። ታብላውን ዛኪር ሁሴን መታ። አልበሙ ርዕሱን የወሰደው ከ«ቹራ ሊያ» ነው። ጥቂት ሙዚቀኞች የአንድን ሙሉ ኦርኬስትራ መሸጋገሪያ ለመሸከም ይታገላሉ፤ ያ ትግል ይሰማል፤ ክብሩም እሱ ላይ ነው። የበርማን አቀናባሪዎች የጻፉትን እንደ ትልቅ ድርሰት አንብበውታል።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ በዚህኛው ላይ ግን ልቤ ይከፈላል። በ1994 «1942፡ ኤ ላቭ ስቶሪ» ለተባለ ፊልም ጃቬድ አክታር የጻፈው ግጥም አንዲትን ልጅ በማየት ብቻ የተነሳ የንጽጽር ጎርፍ ነው፤ ስንኙ ሁሉ «እንደ» እያለ ይቀጥላል። ዜማው የበርማን ነው፤ ፊልሙ ሲወጣ እሱ በሕይወት አልነበረም። በ2019 የዚያ ዘፈን መነሻ የአዲስ ፊልም ርዕስም ዘፈንም ሆነ። የ2019ኙ ቅጂ በሙዚቃ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ ከንጽጽሮቹ ጎርፍ የተረፈው ጥቂት ነው። ፊልሙ ግን ሴት ስለወደደች ሴት ነው፤ ስለዚህ «ልጅቱን ሳያት» የሚለው አነጋገር ተናጋሪው ማን ሊሆን ይችላል የሚል አዲስ ጥያቄ ተሸከመ። ሙዚቃው ቀጥኖ ትርጉሙ ሰፋ። እንዲህ ያለውን በአንድ ቃል «ተበላሸ» ብዬ ማለፍ አልችልም።

ታዲያ አብዛኛው ሪሚክስ ለምን በዚህ መንገድ አይሄድም? ጉዳዩ ከጣዕም ይልቅ የባለቤትነት ነው። በ1977 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር ከፍሎ ያሠራው ፊልም ሠሪ የዜማውና የግጥሙ የመጀመሪያ ባለቤት እንደሚሆን ወሰነ። ፊልም ሠሪው መብቱን ለሙዚቃ አሳታሚ ይሸጣል፤ አሳታሚው ከዚያ ወዲያ ደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም። በ2012 ሕጉ ሲሻሻል፣ በላይኛው ምክር ቤት ጃቬድ አክታር ራሱ ተሟግቶ፣ ገጣሚና ዜማ ደራሲ ከገቢው የሚደርሳቸውን ድርሻ በውል እንዳይነጠቁ ተደረገ። ትልቅ ድል ነበር። ድርሻው ግን ገንዘብ ነው፤ «ይህን አንታራ አትቁረጡ» የማለት ሥልጣን አይደለም። ሥራው ተዛብቶ ስሙ የተጎዳ ደራሲ መክሰስ እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለእያንዳንዱ ዘፈን ፍርድ ቤት የሚመላለስ ግን ማን ነው?

በ2020 ይህ ሁሉ በአደባባይ ታየ። የ2009ኙ «ዴልሂ-6» ፊልም ዘፈን «ማሳካሊ» በአዲስ ቅጂ ሲወጣ ዜማውን የደረሰው ኤ. አር. ራህማን ሕዝቡ የመጀመሪያውን እንዲያዳምጥ ጋበዘ። የመጀመሪያው ያለ አቋራጭ መንገድ፣ እየተጻፈ እየተሰረዘ፣ ከ200 በላይ ሙዚቀኞች ደክመውበት የተሠራ መሆኑንም አስታወሰ። ማሳካሊ በፊልሙ ውስጥ የእርግብ ስም ናት፤ ለመብረር የምትመኝ ልጅ ምስል። በአዲሱ ቅጂ ውስጥ የፍቅረኛሞች መጠሪያ ሆና ቀረች። ራህማን በዓለም የታወቀ፣ ኦስካር የተሸለመ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ማድረግ የቻለው ሰሚውን መለመን ነበር።

ድምፅ የሌለው ደግሞ አለ። በ1972 የወጣው «ፓኪዛ» ውስጥ ለባለጸጎች እየዘፈነች የምትኖር ሴት ባቡር ላይ ተኝታ ሳለች አንድ የማታውቀው ሰው እግሯ ሥር ስለ እግሮቿ ውበት ወረቀት ትቶላት ይሄዳል። «ቻልቴ ቻልቴ»ን ስትዘፍን በመንገድ ያገኘችውን ያንን ሰው እያሰበች ነው፤ ሌሊቱ አልፎ መብራቶቹ ሲደክሙ ከሩቅ የባቡር ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ የዘፈኑ አካል ነው፤ ከሷ ሕይወት ተነጥሎ ትርጉም የለውም። በ2018 የዚህ ዘፈን ፊት ተወስዶ ለሌላ ዘመናዊ ፊልም ሲሰጥ፣ ዋናውን የዘፈነችው ላታ ማንጌሽካር በ88 ዓመቷ የድሮ ዘፈኖችን ሪሚክስ ማድረግን ተቃወመች። ዜማውን የደረሰው ጉላም ሞሐመድ መናገር አይችልም ነበር። የሞተው በ1968 ነው፤ ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ አራት ዓመት ቀድሞ፣ የባቡሩን ጩኸት ከዘፈኑ ጋር በሲኒማ ቤት ሳይሰማ።