የስልክ ወጪን በቤት ውስጥ መቀነስ ይቻላል

ባለፈው ወር ለስልክ ስንት ብር አወጡ? ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለልጆች ትምህርት ቤትና ለታክሲ ያወጡትን ቢጠየቁ ብዙም ሳያስቡ ይመልሱ ይሆናል። የስልኩን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ምክንያቱም የስልክ ገንዘብ እንደ ቤት ኪራይ በአንድ ቀን ከእጃችን አይወጣም። ዛሬ ለካርድ፣ ነገ ለዳታ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጅ «አለቀብኝ» ብሎ ሲደውል እየተሞላ በጥቂት በጥቂቱ ያልቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለመልካም ነገር ብቻ አይደለም፤ ወጪም እንዲሁ እግር አውጥቶ ይሄዳል።

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ይህንኑ ወጪ ነው። በተለይም በቤታቸው ኢንተርኔት አስገብተው በየወሩ እየከፈሉ፣ እዚያው ቤት ተቀምጠው በሞባይል ሂሳብ የሚነጋገሩ እናቶችን ይመለከታል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የአንዲት ጎረቤቴን ታሪክ ላንሳ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሁለተኛው ጅማ ይማራል። ትንሹ ከእሳቸው ጋር ሆኖ አሥረኛ ክፍል ደርሷል። ለእሱ ትምህርት ይረዳል ተብሎ የኢንተርኔት ሞደም ገብቷል፤ ክፍያውንም ከደመወዛቸው በየወሩ ይከፍላሉ።

አንድ እሁድ ማታ ልጃቸው ከቤይሩት ደወለች። የጤናውና የጎረቤቱ ሰላምታ ካለቀ በኋላ «እማዬ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ብላ ስትጀምር ድምፁ ጠፋ። የሞባይል ዳታው አልቆ ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፤ ለደመወዝ ደግሞ ሁለት ቀን ቀርቷል። «ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም። ታመመች ይሆን፣ ተደበደበች ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ» አሉኝ። ማክሰኞ ተበድረው ሞልተው ሲያገኟት የሦስት ወር ደመወዟ እንዳልተከፈላት ነገረቻቸው።

ይህን ያጫወቱኝ ቡና እየጠጣን ነው። ቀና ስል ከመደርደሪያው ላይ የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«እትዬ፣ ይህ ዋይፋይ አይሠራም እንዴ?» አልኳቸው።

«ይሠራል እንጂ ልጄ! የትንሹ ነው። የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ነው።»

«የሚከፍለውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አሉና ስኒውን አስቀምጠው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም። «እኔን እኮ ማንም አልነገረኝም» አሉ።

አንባቢያችን፣ እንዲህ ያለው ቤት አንድ ብቻ አይምሰልዎ። የኢንተርኔቱን ሂሳብ እናት ትከፍላለች፤ ልጆች ፊልም ያዩበታል፣ አባት ኳስ ያይበታል፤ እናት ግን ካርድ እየፋቀች ትነጋገራለች። እኔም ራሴ የስልኬን ዋይፋይ አንድ ቀን ቢሮ አጥፍቼው ለብዙ ሳምንታት ሳልከፍተው ስለ ኖርኩ ፈራጅ ለመሆን አልችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎን ይጥሩና «የይለፍ ቃሉን በእኔም ስልክ ላይ አስገባው» ይበሉት።

ለመሆኑ ልዩነቱ ከምን ይመጣል? በተለመደው የሞባይል ጥሪ የምንከፍለው ለደቂቃው ነው። ዝም ብለን ብንተነፍስም ደቂቃው ይቆጥራል። በኢንተርኔት ሲደወል ግን ድምፃችን በጣም ትንንሽ ቁራጮች ሆኖ ይላካል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50 ያህል ቁራጮች ይሄዳሉ። በወዲያኛው በኩል ተገጣጥመው እንደገና ድምፅ ይሆናሉ። እነዚህ ቁራጮች እጅግ ቀላል ናቸው። የአንድ ሰዓት የድምፅ ወሬ በግምት 30 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል። በዚህ ስሌት በአንድ ጊጋባይት ከ30 ሰዓት በላይ መነጋገር ይቻላል። የቪዲዮ ጥሪ ግን ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የድምፁን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይበላል።

የቤት ኢንተርኔት ክፍያ ደግሞ በአብዛኛው በፍጥነቱ ልክ በወር የተቆረጠ ነው። ብንነጋገርበትም ባንነጋገርበትም ያው ይከፈላል። እንግዲህ ረጅሙን ወግ ወደዚያ ብናዞረው ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቀንም። ነገር ግን ሲም ካርድ የሚገባበት ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ ከሆነ የሚገዙት ጥቅል የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል ልኩን አስቀድመው ይጠይቁ።

አሠራሩን በአጭሩ ብንገልጸው «ረጅሙ ወግ በቤት፣ አጭሩ በመንገድ» የሚል ይሆናል። ለዚህም የሚከተለውን ይሞክሩ።

አንደኛ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል የደወሉትን ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ። ለማን ደወሉ? ስንት ደቂቃ ፈጀ? የት ሆነው? ሳምንቱ ሲያልቅ በቤት ሆነው የደወሉትን ለብቻ ይደምሩ። ለምሳሌ አንድ ደቂቃ አንድ ብር ነው ብለን ብናስብና በየማታው 20 ደቂቃ ቢነጋገሩ በወር 600 ብር ይሆናል። የእርስዎን ትክክለኛ ታሪፍ በዚህ ቦታ ተክተው ያስሉት።

ሁለተኛ፣ ዘወትር የሚያገኟቸው ሰዎች በየትኛው መተግበሪያ እንዳሉ ይጠይቁ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና አይኤምኦ በከተሞቻችን የተለመዱ ናቸው። ጥሪው ያለ ደቂቃ ሂሳብ የሚሆነው ግን ሁለታችሁም ኢንተርኔት ላይ ስትሆኑ ነው። እርስዎ በቤትዎ ዋይፋይ ሆነው ተማሪ ልጅዎ በሞባይል ዳታ ከሆነ ከእሱ ኪስ ይቆጥራል። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ የሚሆንበትን ሰዓት ተነጋግረው ይቅጠሩ።

ሦስተኛ፣ በቤት ሳሉ ዋይፋዩን ከፍተው የሞባይል ዳታውን ይዝጉ። ዋይፋዩ ሲዳከም ስልኩ ሳይነግርዎ ወደ ሞባይል ዳታ ሊዞር ይችላል፤ ብዙ ሰው «ዋይፋይ እያለኝ ዳታዬ አለቀ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ ሰላምታውን በቪዲዮ፣ ወጉን በድምፅ ያድርጉ። የልጅን ፊት ማየት ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም መስመሩ ከተቆራረጠ ምስሉን ማጥፋት ድምፁን ያጠራዋል።

አምስተኛው ምክር በተለይ አያቶችና ሕፃናት ላሉበት ቤት ይጠቅማል። መስታወቱ ተሰንጥቆ ወይም ባትሪው ደክሞ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስማርት ስልክ የለዎትም? ያውጡት። በአንድ ትርፍ ሲም ካርድ ቁጥር መተግበሪያውን ያስመዝግቡበት። ከተመዘገበ በኋላ ሲሙ ባይኖርበትም በዋይፋይ ይደውላል፣ ይቀበላልም። ከቻርጀሩ ጋር ሳሎን ውስጥ፣ ሞደሙ አጠገብ ያስቀምጡት። እነሆ፣ እንደ ድሮው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የቤት ስልክ አገኙ ማለት ነው። የራሳቸው ስማርት ስልክ የሌላቸው አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይጫወቱበታል፤ እርስዎም ሥራ ቦታ ዋይፋይ ካለ ልጆች ከትምህርት ቤት መመለሳቸውን ይጠይቁበታል። የተመዘገበበትን ቁጥር ግን አይጣሉት፤ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። እጅግ ያረጀ ስልክም መተግበሪያውን ላይቀበል እንደሚችል ይወቁ።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «እንዲህ ማድረግ ወንጀል አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በወጣበት ጊዜ በኢንተርኔት መደወል ተከለከለ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት እንደ ስካይፕ ባሉ አገልግሎቶች ለራሱ ጉዳይ የሚነጋገረውን ግለሰብ እንደማይመለከት አስረድቷል። የሚያስጠይቀው ያለ ፈቃድ ጥሪ እያስተላለፉ መነገድ ነው። ስለዚህ ከልጅዎ ጋር ሲጫወቱ አይስጉ፤ «በርካሽ ውጭ አገር እናስደውላለን» ከሚሉ ሰዎች ግን ይራቁ። በነገራችን ላይ ስካይፕ ራሱ በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ በአሮጌ ስልክዎ ላይ ካለ አይጠብቁት።

ልጆቻቸው በዐረብ አገሮች ላሉ እናቶች አንድ ነገር እንጨምር። በየአገሩ ያለው ደንብ አንድ ዓይነት አይደለም። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕ መጻጻፍ ቢቻልም መደወል ተከልክሎ የኖረ ሲሆን፣ እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎች ይሠራሉ። ስለዚህ ጥሪው እምቢ ሲል ልጅዎ የዘጋችብዎ እንዳይመስልዎ፤ እዚያ የትኛው እንደሚሠራ ይጠይቋት። በሊባኖስ ደግሞ መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ ክፍያ ሊጥል መሆኑ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ፣ በኑሮው የተማረረው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሐሳቡ በዚያው ዕለት ተሰርዟል። የአንድ ጥሪ ዋጋ ለቤተሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። የቤይሩት ሰዓት በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል ሲሆን በክረምታቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ያስቡበት።

ይህም ሆኖ የሞባይል ሂሳብን ፈጽሞ ባዶ ማድረግ አይገባም። መብራት ሲጠፋ ሞደሙም ይጠፋል፤ ዋይፋዩም የቤት ስልኩም ዝም ይላሉ። ሌሊት ሰው ቢታመም ወይም እሳት ቢነሳ የሚያስፈልገው የሞባይል መስመር ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 የሚጠሩት በእነዚህ መተግበሪያዎች አይደለም። ቁጥሮቹን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ስልክዎንም ከመተኛትዎ በፊት ቻርጅ ያድርጉ። አቅም ከፈቀደ ለሞደም የሚሆን ትንሽ ባትሪ በገበያ ይገኛል፤ ሲገዙ የቮልቱ ልክ ከሞደሙ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ።

ከዚህም ሌላ መተግበሪያው ሲመዘገብ በመልእክት የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንዳይሰጡ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው ቢደውል ሌባ ነው። ቁጥሩን ከነገሩት በእርስዎ ስም ከዘመድ ወዳጅ ገንዘብ ይለምንበታል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። አሁን እሁድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትንሹ ልጅ ፊልሙን ያቆማል። ይህ የቤቱ ደንብ ሆኗል። እናት በሳሎኑ አሮጌ ስልክ ከቤይሩት ልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ፤ ጅማ ያለውም አንዳንዴ ይገባበታል። የልጅቷ ነገር ገና አላለቀም። የሁለቱ ወር ደመወዟ ተከፍሏታል፤ የአንዱ ግን እስካሁን «ዛሬ ነገ» እየተባለ ነው። እናቷ ይህን በየሳምንቱ ያውቃሉ። ስንት እንደ ተከፈላት፣ ቀሪው ስንት እንደሆነና አሠሪዋ ምን እንዳለች ልጅቷ ስትነግራቸው በትንሹ ልጅ ደብተር ያስጽፋሉ።

«ገንዘቡስ ተረፈልዎ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተርፎኛል፤ ከሱቅ የምበደረው ካርድ ቀርቷል» አሉኝ። «ከሁሉ በላይ ግን ነገር ስትጀምር እስክትጨርስ እሰማታለሁ።»

እርስዎም አንባቢያችን፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ የይለፍ ቃሉን ይጠይቁ።