የመኪና በር ለምን ይጮሃል?

በዚህ እትም የማወጋችሁ ስለ መኪና በር ነው። "መኪና የሌለን ስደተኞች ስለ መኪና በር ምን አገባን?" የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እዚሁ ካኩማ፣ በመካከላችን የተፈጸመ ነው። ከአንድ በር ተነስቶ በሰው መካከል ጠብ ሊያስነሳ ትንሽ ነበር የቀረው። ሙያ ለሚማሩ ልጆቻችን ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለ ያስተማርኩት አንድ ልጅ አለ። አሁን 19 ዓመቱ ነው። እዚሁ ካምፕ ውስጥ የመኪና ጥገና ተምሮ ሠርተፊኬት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ የእናቱና የሁለት እህቶቹ ተስፋ ይኸው የእሱ ሙያ ነው።

አንድ ቀን የአካባቢው ተወላጅ የሆነ የታክሲ ሾፌር ፕሮቦክሱን ይዞ መጣ። ፕሮቦክስ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሥራ ብሎ ያወጣው መኪና ነው። ጠንካራ ነው፤ ለምቾት ግን ብዙ አልተጨነቁለትም። በሩ ሲዘጋ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ኮረኮንች ላይ ሲሆን አራቱም በሮች በአንድ ላይ ይንቋቋሉ። ሾፌሩ፣ "ደንበኛ ሲደውልልኝ አልሰማም፤ ተሳፋሪውም የሚያወራው እየጮኸ ነው። በሮቹን ዝም አሰኝልኝ" አለው። ልጁ ሥራው ሲሠራ አይቶ ያውቃል እንጂ በእጁ ሠርቶት አያውቅም። አልችልም ማለት ከበደውና "ሀኩና ሺዳ" አለ። ዕቃውን ጨምሮ በ6,000 ሽልንግ ተስማሙ።

ልጁ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ዕቃ ስላላገኘ የቤት ጣሪያ የሚደፈንበትን ሬንጅ ያለው ጥቅልል በ2,500 ሽልንግ ገዛ። በሮቹን ፈታና ውስጣቸውን ከላይ እስከ ታች፣ ቀዳዳ ሳያስቀር ለጠፈው። ቀሪውን 3,500 ለእናቱ ሰጠ፤ እሳቸውም የሱቅ ዕዳ ከፈሉበት፣ ዱቄትና ዘይት ገዙበት። የመጀመሪያው ሳምንት ምስጋና ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፀሐዩ ሲበረታ ሬንጁ ቀለጠና መኪናው ውስጥ መሽተት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መጣ። ሾፌሩ ጠዋት በሩን ሲከፍት ውስጡ ያለው ውሃ እንደ ጀሪካን ውሃ ተንቦጫቦጨ። "ማጂ! ማጂ!" እያለ ወደ ልጁ መጣ።

ሰው ተሰበሰበ። ከወዲያ በኩል "ስደተኞቹ አጭበረበሩን" የሚል ተሰማ። ከእኛም ወገን "ልጁን ሊመቱት ነው" ብሎ ዱላ ያነሳ ነበር። ገንዘቡ ይመለስ ቢባል ገንዘቡ ተበልቷል። በዚህ መሀል አገር ቤት ሳሉ ጋራዥ ውስጥ የኖሩ አንድ አዛውንት ቀጭን ሽቦ ይዘው መጡና ከበሩ ሥር ተንበረከኩ። የበሩን ታችኛ ጠርዝ በሽቦው ወጋ ወጋ አደረጉት። ውሃው ዠቅ ብሎ ወረደ። ከዚያም ለሾፌሩ በስዋሂሊ፣ "ማንም አልሰረቀህም፤ ልጁ አላወቀም" አሉት። ወደ ልጁ ዞረው ደግሞ፣ "ልጄ፣ ቤት ስትሠራ የጎርፍ መውረጃውን ትደፍናለህ እንዴ?" አሉት። "አላወቅኩም ጋሼ" አለ አንገቱን ደፍቶ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ትክክለኛውን ዕቃ ሾፌሩ እንዲገዛ፣ ልጁ ደግሞ በነፃ እንዲሠራ ተስማሙ። ልጁ በዚያው ማታ ወደ እኔ መጣና "ቲቸር፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?" አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጋሼ ስለ በሩ፣ እኔ ስለ ድምፅ እያስረዳን ሦስታችን ተማማርን። እነሆ ያገኘነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

እስቲ የእንጀራ ትሪ ጠርዙን ይዛችሁ አንጠልጥሉና በጣታችሁ ቆርቁሩት፤ ይጮሃል። አሁን መዳፋችሁን ከጀርባው ለጥፋችሁ ድገሙት። ድምፁ ታፈነ አይደል? መዳፋችሁ የያዘው የትሪውን መንቀጥቀጥ ነው። የመኪና በር የውጭ ላሜራም ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ልክ እንደ ትሪው ነው። መንገዱና ሞተሩ ሲያንቀጠቅጡት እንደ ከበሮ ቆዳ ይጮሃል።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ማፈኛ የመዳፋችሁን ሥራ ይሠራል። አንድ ፊቱ የሚያጣብቅ ቡቲል የሚባል ላስቲክ ሲሆን በላዩ ስስ አሉሚኒየም አለው። ቡቲል እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመኪና ከመነዳሪ የሚሠራበት የላስቲክ ዓይነት ነው። አሉሚኒየሙን ብዙ ሰው ለውበት ይመስለዋል። ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ላስቲኩ በላሜራውና በአሉሚኒየሙ መካከል ተይዞ ይታሻል፤ በመታሸቱም መንቀጥቀጡን ወደ ጥቂት ሙቀት ይለውጠዋል። ኤድዋርድ ከርዊን የተባለ ተመራማሪ ይህንን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት በሒሳብ አስረድቶታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በሩን ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አያስፈልግም። ሰፊውና ድጋፍ የሌለው የላሜራው መሀል በደንብ ከተያዘ ከሩብ እስከ ግማሽ መሸፈን ይበቃል። ከዚያ በላይ ወጪና ክብደት ነው፤ ማፈኛው በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናልና። ሁለተኛ፣ ሬንጅ ለእኛ አገር ሙቀት አይሆንም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ላሜራ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሬንጁም ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይወርዳል።

ውሃውስ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው የመኪና በር ውስጥ ውሃ አይገባም ብሎ ያስባል። ይገባል። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ የተወሰነው በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል አልፎ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። መኪና ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ትናንሽ መውረጃ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ልጁ የደፈነው እነዚህን ነው። መውረጃው ከተደፈነ በሩ ውሃ ያቁራል፤ ላሜራውም ከውስጥ ይዝጋል። የፍራሽ ስፖንጅ በሩ ውስጥ የሚጠቀጥቁም አሉ። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ስለሚቀመጥ እሱም ያው ዝገት ነው።

አሠራሩ

ሁሉም በር ማፈኛ አያስፈልገውም። መጀመሪያ የላላ ቡሎን፣ የተሰበረ ክሊፕስ ወይም ያረጀ የበር ላስቲክ እንዳለ ይታይ። ብዙ ጊዜ የሚንቋቋው ይኸው ስለሆነ ያለ ወጪ ሊድን ይችላል።

ማፈኛው የግድ ከሆነ መስታወቱ ወደ ላይ ይዘጋል፤ የባትሪውም ገመድ ይነቀላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች በሩ ውስጥ የኤርባግ መሣሪያ ስላለ ያልተማረ ሰው ባይነካው ይሻላል። ቀጥሎ የተደበቁት ብሎኖች በካቻቢቴ ተፈትተው የውስጥ ሽፋኑ ቀስ ተብሎ ይነቀላል። የመስታወት ማንሻው በእጅ የሚዞር ከሆነ ከጀርባው ጨርቅ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው፤ የያዘው የሽቦ ክሊፕስ ይወጣል። እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ። ከሽፋኑ ሥር ያለው ላስቲክ ወረቀት እንዳይቀደድ፤ ውሃው ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

ላሜራው ከአቧራና ከቅባት መጽዳት አለበት። ልጁ ሬንጁን በላምባ ነበር ያስለቀቀው። ላምባም ቅባት ስለሆነ በኋላ በአልኮል መወልወል ነበረበት። ይህ ሁሉ በሮች ተከፍተው፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ይሠራል። ከዚያ ማፈኛው በልክ ተቆርጦ ይለጠፍና አየር እስኪያልቅበት በትንሽ ሮለር ወይም በማንኪያ ጀርባ በኃይል ይዳመጣል። ያልተዳመጠ ማፈኛ ሥራ አይሠራም። የመውረጃ ቀዳዳዎቹ፣ መስታወቱ የሚሄድበት መስመር፣ ገመዶቹና የቁልፉ ዘንጎች አይነኩም። ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት መስታወቱን ዝቅና ከፍ አድርጎ ማየት፣ በሩ ውስጥ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሶም ከታች መውረዱን ማረጋገጥ ነው። ይህቺ የአንድ ኩባያ ውሃ ፍተሻ ያን ሁሉ ጠብ ታስቀር ነበር።

ለደንበኛም እውነቱ ይነገረው። የጎማ ድምፅ ከወለሉና ከመስታወቱም ስለሚገባ በሩ ብቻ ቢሠራ መኪናው ፍጹም ዝም አይልም። መንቋቋቱ ግን ይቀንሳል፤ በሩም ሲዘጋ "ቋ" ማለቱን ትቶ "ዱብ" ይላል።

የሾፌሩም በር አሁን "ዱብ" ነው የሚለው። ልጁ ሥራውን ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀበት። ሾፌሩ በመጨረሻ የተረፉትን ቁርጥራጮች "ለትምህርት ቤቱ ይሁን" ብሎ ሰጠው፤ የእሱም ልጅ የሚማረው እኛ ዘንድ ነውና። የክፍላችን በር ላሜራ ነው። ንፋስ ሲያላጋው እንደ ጥይት ይጮህ ነበር። በጮኸ ቁጥር አንዳንድ ልጆች ከዴስኩ ሥር ይገባሉ፤ ከየት እንደመጡ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጁ ቁርጥራጮቹን በሩ ጀርባ ለጠፈ፤ በሩ የሚያርፍበትን ጠርዝ ደግሞ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ አለበሰው። ለዚህኛው ገንዘብ አላስፈለገም፤ እቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ባለፈው ሐሙስ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ንፋስ መጥቶ በሩን ዘጋው። "ዱብ" አለ። ሁለት ሦስቱ ዞር ብለው አዩና ጽሑፋቸውን ቀጠሉ።

ወጣቶች ሆይ፣ የማታውቁትን ሥራ ስትቀበሉ "ሀኩና ሺዳ" ከማለታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በካምፓችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ቸር ይግጠመን።